ሦስተኛው ቅጂ

አፖንዲ የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ ከኪሱሙ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ትልቁ ሐይቅ ዳር ነው። በማለዳ ውሃውና ሰማዩ አንድ ይሆናሉ፤ የእምቦጭ አረሙም እንደተኛ ደሴት በጭጋጉ ውስጥ ይንሳፈፋል።

የትምህርት ቤቷ ልጆች የመንደሩን ዜማዎች በድምፅ ቀድተው በኮምፒውተር አስቀምጠዋል። ከነዚያ መካከል የጓደኛዋ የአዊኖ አባት መረብ ሲጎትት የሚያዜመው ነበር። ሰውየውን ዓምና ሐይቁ ወሰደው፤ የቀረው ድምፁ ብቻ ነው።

ርዕሰ መምህሩ፣ «አንድ ትልቅ ሃርድ ዲስክ ገዝተን ሁሉንም እዚያ ላይ እንጫንና ቢሮ እንቆልፍበት» አሉ።

መምህር ኦዴሮ ሳቁ። «ጌታው፣ ውሃ ቁልፍ ያውቃል እንዴ? መረቡን ሁሉ በአንድ ጀልባ የሚጭን ዓሣ አጥማጅስ አይተዋል?»

ስለዚህ አንዱ ቅጂ በኮምፒውተሩ፣ ሁለተኛው በቢሮው ቁም ሣጥን፣ ሦስተኛው በፍላሽ ሆኖ ኮረብታው ላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን እንዲቀመጥ ተወሰነ። ዓርብ ዓርብ አንድ ልጅ ፍላሹን ከኮረብታው አውርዶ በሳምንቱ የተቀዳውን ዜማ ያስጭንበታል፤ መልሶም ያወጣዋል።

የአፖንዲ ተራ ደረሰ። ፍላሹን ይዛ ወደ ኮረብታው ስትመለስ የአክስቷ ልጅ ኦኬሎ ፊልም ከሚጫንበት የእናቱ ሱቅ ደጃፍ ጠራት።

«ነይ፣ የባለ ክንፍ ዓሦችን ፊልም ልጫንልሽ!»

«ፍላሹ ሞልቷል።»

«አሮጌውን አጥፊዋ! የዓሣ አጥማጅ ጩኸት ምን ያደርግልሻል? ደግሞ ሁለት ቅጂ ሌላ አለ አላልሽም?»

እናንተ ልጆች፣ «ሌላ አለ» የምትለዋን ቃል ጠርጥሯት! አፖንዲ ግን አመነቻት፤ የአዊኖ አባት ዜማ ያለበትን የዓምናውን አጥፍታ ፊልሙን አስጫነች፤ አይታም ፍላሹን ወደ ኮረብታው መለሰችው። ያን ሌሊት ዓሦቹ በሕልሟ ከጣሪያው በላይ በረሩ።

በሳምንቱ ሐይቁ ሞልቶ ትምህርት ቤቱ ገባ። ኮምፒውተሩ ሰጠመ። በተቆለፈው የቢሮ ቁም ሣጥን ውስጥም ዓሣ ተገኘ።

አዊኖ ግን አላለቀሰችም። «ግድ የለም» አለቻት ለአፖንዲ፤ «አባቴ ኮረብታው ላይ አለ።»

ኦኬሎ አፖንዲን ጎተት አድርጎ፣ «ሞኝ አትሁኚ፣ ፍላሹን ከኮረብታው አምጥተሽ ውሃ ውስጥ ጨምሪውና በሐይቁ አሳብቢ!» አላት።

እሷ ግን ወደ መምህሯ ሮጠች። «ሙዋሊሙ፣ መምህሬ፣ የአዊኖን አባት ድምፅ ከፍላሹ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

መምህር ኦዴሮ፣ «ከዚያ ወዲህ ምን ጫንሽበት?» አሏት።

«አንድ ፊልም ብቻ።»

«እንግዲያው ሌላ አትንኪበት። ከፍላሽ ላይ የጠፋ ነገር ሌላ መጥቶ እስኪተኛበት ድረስ ከቦታው አይነሣም።»

ፍላሹን ከተማ ወስደው ለኮምፒውተር ባለሙያ ሰጡት። የዜማው ግማሽ ተገኘ፤ ግማሹን ፊልሙ በልቶታል።

ልጆቹ በቤተ ክርስቲያኑ ሣር ላይ ተቀመጡ፤ አፖንዲም ዜማውን ከፈተችው። የአዊኖ አባት ድምፅ ከፍ አለ፣ ተንሳፈፈ፣ ከቃሉ መካከል ተቆረጠ።

«ድገሚልኝ» አለች አዊኖ።

አፖንዲ ደገመችላት። ሐይቁ እስኪጠቁር ድረስ ደጋገመችላት፤ ድምፁ በተቆረጠ ቁጥር ግን አንገቷን ትደፋ ነበር።

ልጆቼ፣ አደራ የተቀበለ ሰው «ሌላ ጠባቂ አለ» ብሎ አይዘናጋ፤ ካጠፋም ሳይውል ሳያድር ይናገር።