የቡሬ ዘር

አበራሽ ጊደሯን የወሰዱባትን ቀን ረስታው አታውቅም። አባቷ ሲድራት ከበቆጂ ድረስ እየነዳ ያመጣላት ቡራቡሬ ጊደር ነበረች፤ ስሟም ቡሬ። የባሏ ታናሽ ወንድም ኖህ ጽጌሬዳን አግብቶ የመጀመሪያ ልጃቸው ሲወለድ፣ አማቷ እማማ አስካለ ማንንም ሳይጠይቁ ገመዷን ፈትተው ወደ ጽጌሬዳ በረት ነዷት። «ሕፃን ወተት ይፈልጋል» አሉ። «አንቺ ምን ታደርጊባታለሽ?» አበራሽ ልጅ አልነበራትም። ባሏ አሰግድም መሬት መሬት አየ።

ከዚያ ወዲህ ቡሬ የወለደችው ጥጃ ሁሉ አበራሽ እያየችው ለሌላ ሰው አደገ። ሁለቱን ቤቶች የሚለያቸው የባሕር ዛፍ አጥር ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ለራሷ ጥጃ ፉርሽካ እያቀረበች በአጥሩ ቀዳዳ የጽጌሬዳን ታያለች። ሲሰባ ያማታል፤ ሲከሳም አይሽራትም።

ስለዚህ የቡሬ የመጨረሻ ልጅ፣ ዳማ የሚሉት ወይፈን፣ ለፋሲካ ገበያ ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሞቶ ቢገኝ፣ ሌላ ሰው ለመጠርጠር የደከመ አልነበረም። እሷም አፏን አልጠበቀችም። ባለፈው ሳምንት ከጽጌሬዳ ጋር በውኃ ተራ ተጣልታ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ «የዚያች ላም ዘር ዓይኔ እያየ ቢያልቅ እንባ የለኝም» ብላ ነበር። እማማ አስካለም ገና በጠዋቱ ፈረዱ፤ እሷ ካደረገችው በለበሰችው ልብስ ከግቢው ትወጣለች አሉ። አሰግድ ይህንንም ሰምቶ መሬት መሬት አየ።

ኖህ አሰላ ወርዶ ፖሊስ ይዞ መጣ። የመጣችው ሳጅን ፈይሩዛ ናት፤ የአቦምሳ ሰው፣ የከብት ነጋዴ ልጅ። አጭር ናት፤ የደንብ ልብሷ ኪስ በገብስ ቆሎ ያበጠ። መኪናዋን መንገድ ዳር አቁማ፣ የጭላሎን ብርድ እየረገመች፣ ቆሎዋን እየቆረጠመች ገባች።

ዳማ ገንዳው ሥር እንደታሰረ ወድቋል። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ አፉ ላይ አረፋ ደርቋል። ገንዳው ውስጥ ጭዱ መሐል ነጫጭ ፍሬዎች ተበትነዋል።

«ዩሪያ ነው» አለ ኖህ። «የስንዴ ማዳበሪያ። ከእርሻ ስመለስ ወድቆ አገኘሁት። ጆንያው ያለው እትዬ አበራሽ ጎተራ ውስጥ ነው። ገንዳው አጥሩ ሥር ስለሆነ በቀዳዳው መበተን ነው፣ ሌላ ሥራ የለውም። ከብት ደግሞ ጨው መስሎት ይልሰዋል።»

«ጎተራው ይቆለፋል?»

«መቀርቀሪያ ነው ያለው።»

«እንግዲያው ግቢው ውስጥ ያለ ሁሉ ይገባበታል ማለት ነው» አለችና ቁጢጥ ብላ የወይፈኑን አፍ አሸተተች። መዳፏን አንገቱ ሥር ሰደደች፤ ጸጉሩ ርሷል። ጀርባው ግን ደረቅ ነው፤ ዝናብም አልጣለም። እጇን በሣር ጠረገችና የሚያበላው ማን እንደሆነ ጠየቀች።

«እኔ ነኝ» አለች ጽጌሬዳ። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። «ከጥጃነቱ በእጄ ነው ያሳደግኩት። ከእኔ በቀር ሰው አያስጠጋም።»

ኖህ ሱሪውን ሰብስቦ ጭኑ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳየ፤ ባለቤቱን እንኳን ወግቷል። አበራሽንም ባለፈው ክረምት አባሮ ነጠላዋን ቀንዱ ላይ አስቀርቶባታል።

ፈይሩዛ የጽጌሬዳን ቀኝ እጅ አየች። ጣቶቿ በጨርቅ ተጠቅልለዋል። ምን እንደነካት ስትጠይቃት ሽንኩርት ስትከትፍ ቢላ እንዳገኛት ነገረቻት። ሳጅኗ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ አየችው፣ መልሳ አሰረችላትና እግዚአብሔር ይማርሽ አለቻት።

ቀጥላ ጎረቤቱን ነገሳን አነጋገረች። ዳማ ሁለት ጊዜ አጥር ሰብሮ የነገሳን ገብስ በልቶበት ከኖህ ጋር በሽማግሌ ነው የታረቁት። በኦሮምኛ ሰላም ስትለው ፊቱ ፈታ አለ፤ ወዲያው ግን ኖህ እንዲሰማው ብሎ ወደ አማርኛ ዞረ።

«እኔ ብገድለው በጠራራ ፀሐይ ነው የምገድለው» አለ። «ደግሞ ማዳበሪያ በዚህ ዘመን ለሰው ከብት ይባክናል?»

አበራሽን ያገኘቻት በራሷ በረት ነው። ጉራች የሚባለውን ወይፈኗን ፉርሽካና ፋጉሎ ቀላቅላ እያበላች ነበር። አላቆመችም።

«ቀንተሽባታል ይላሉ» አለች ፈይሩዛ።

«ቀንቻለሁ። የራሴን ነገር ሰው እጅ ላይ እያየሁ ካልቀናሁማ ምኑን ሰው ሆንኩ!»

«ገደልሽው?»

«የቡሬን ልጅ? እኔ የምፈልገው እንዲመለስልኝ ነው። የሞተ ምን ይመለሳል?»

ፈይሩዛ የጉራችን ዳሌ መታ መታ አደረገች። «ይሄስ ሰብቷል።»

አበራሽ ሳታስበው ፊቷ በራ። ባለፈው ሳምንት የአዳማው ነጋዴ መጥቶ፣ ዳማን አልፎ፣ እጁን ልክ እዚያች ቦታ ላይ አሳርፎ፣ «ቅዳሜ ስመለስ መጀመሪያ የምጭነው ይሄን ነው» እንዳለ ነገረቻት። ከዚያ በፊት በዚህ ግቢ ሁሌም የሚቀድመው የጽጌሬዳ ከብት ነበር።

«ጽጌሬዳ ሰምታለች?»

«አጠገቤ ቆማ። ከአንገት በላይ ሳቀችና ገባች።»

«አንቺ የማድለብ ሥልጠና ወስደሻል?»

«እኔን ማን ይልከኛል? ከአንድ ግቢ አንድ ሰው ይበቃል ብለው እማማ ጽጌሬዳን ነው የላኩት።»

«አቼቶ ቤትሽ አለ?»

አበራሽ አሁን ገና ቀና ብላ አየቻት። «ሎሚ እያለ አቼቶ ምን ይሠራልኛል? ሳጅን፣ የመጣሽው ልታስሪኝ ነው ወይስ ምሳ ልትበዪ?»

«እንደ ሁኔታው» አለች ፈይሩዛ።

በአጥሩ ማዶ አሰግድ ቆሞ ነበር። የአበራሽን ዓይን ሲያይ ፊቱን አዞረ። አበራሽ ያኔ ገባት፤ እሱም እሷን ነው የሚጠረጥረው። አንጀቷን የቆረጣት የአማቷ ፍርድ ሳይሆን ይሄ ነው።

ምሳው እማማ አስካለ ቤት ቀረበ፤ ሳጅኗ ሁሉም ይሰብሰብ ስላለች ነገሳም ሳይቀር በርጩማ ተሰጠው። ጊዜው ሁዳዴ ጾም ስለሆነ የቀረበው ሽሮና ሰላጣ ነው። ፈይሩዛ ሰላጣውን ቀመሰችና አቼቶ ይኖር እንደሆነ ጠየቀች።

«አበራሽ ቤትማ አታገኚም» አሉ እማማ አስካለ። «ጽጌሬዳዬ ጋ ግን ምን ይጠፋል? ገና እሁድ ከገበያ ስመለስ ሙሉ ጠርሙስ ገዝቼላታለሁ።»

«አልቋል፣ እማማ» አለች ጽጌሬዳ ቀስ ብላ።

«በዚህ በሁለት ቀን? ጠጣሽው እንዴ?»

ኖህ አማትቦ ተነሣ፤ የሴቶች ነገር አሰልቺ ነው እያለ አቼቶውን ራሱ ፈልጎ ሊያመጣ ሄደ። ሲመለስ ፊቱ ተለውጧል። ጠርሙሱን ይዟል፤ ባዶ ነው። ፉርሽካው ጆንያ ሥር ተደብቆ እንዳገኘው ተናገረ። የጠርሙሱ አንገት ላይ የደረቀ አረፋ አለ፤ አረፋው ላይ የዳማ ጸጉር ተጣብቋል።

ፈይሩዛ እጇን ታጠበች።

«ወይፈኑ አፉ አቼቶ አቼቶ ይሸታል» አለች። «አንገቱ ርሷል። ሰው አቼቶና ቀዝቃዛ ውኃ ግቶታል ማለት ነው፤ የዩሪያ ማርከሻ እሱ ነው። አሁን አብረን እናስብ። ሊገድለው የፈለገ ሰው መልሶ አያክመውም። ድንገት ደርሶ ያየው ሰው ደግሞ ማገጥ የሚሉት እርጥብ ሣር በልቶ የተነፋ ይመስለዋል፤ ዘይት ያጠጣዋል፣ ይጮሃል፣ ሰው ይጠራል። አቼቶ የሚሰጠው ዩሪያ እንደበላ የሚያውቅ ብቻ ነው። ያውም ሰው ሳይጠራ ከሰጠው፣ ያበላው እሱ ራሱ ነው።»

እጇን አደራረቀችና ቀጠለች።

«ከአጥር ማዶ ዩሪያ መበተን ማንም ይችላል። አቼቶ ግን ከአጥር ማዶ አይጋትም። ቀንዱን ይዞ፣ አፉን ፈልቅቆ፣ እጅ ከጥርሱ አስገብቶ ነው። እትዬ አበራሽ አጠገቡ ብትደርስ ዛሬ ሁለት ሬሳ ነበር የምናየው። ቢላ ደግሞ ጫፍ ጫፉን ይቆርጣል እንጂ የአራት ጣት ጀርባ አይልጥም። የሚልጠው የከብት መንጋጋ ነው። የአባቴ እጅ ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ነበር።»

ሁሉም ወደ ጽጌሬዳ ዞሩ። እሷ ጨርቁን በሌላ እጇ ሸፈነች።

«ሥልጠናው ላይ ዩሪያ ያደልባል ብለውሻል። አዎ፣ ያደልባል፤ በውኃ ተበጥብጦ ጭድ ላይ ተረጭቶ፣ ተዳፍኖ ለሳምንታት ከከረመ በኋላ። አንቺ ሳምንታት አልነበረሽም። ነጋዴው ቅዳሜ ይመጣል።»

«ትንሽ ነው ያደረግኩት» አለች ጽጌሬዳ። «እስከ ቅዳሜ እንዲደርስባት ብዬ።»

«በማን ላይ?» አሉ እማማ አስካለ።

ጽጌሬዳ የምትመልሰው ለአማቷ ቢሆንም የምታየው አበራሽን ነበር። «እሷ እጅ የገባ ከብት ሁሉ ይሰባል። ከገበያ የተገዛ የከሳ ጥጃ እንኳን ይሰባል። እኔ የእሷን ላም ይዤ አልቻልኩም። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ ምን እንደምታበላ አያለሁ፤ ያንኑ አበላለሁ፣ አይሆንልኝም። ዳማ ሲወድቅ ደነገጥኩ። ሰው ሁሉ ስሟን ሲጠራ ዝም አልኩ።»

አበራሽ የሰማችው ሁሉ ከጆሮዋ ወጥቶ ሁለት ቃል ብቻ ቀረ። የእሷን ላም። በዚህ ግቢ ማንም ሰው ይህን ብሎ አያውቅም።

ፈይሩዛ የቀረ ቆሎዋን ከኪሷ ጠረገች። «የራስን ወይፈን በስሕተት መግደል ወንጀል የለውም። ሰውን በሐሰት ማስከሰስ ግን አለው። ይህን የሚጠይቅ የተበደለው ሰው ነው። እትዬ አበራሽ፣ ምን ትያለሽ?»

አበራሽ ተነሣች። ከቤቱ ወጥታ ጽጌሬዳ በረት ገባች፤ ሰዎቹም ተከትለው ወጡ። ቡሬ ጥጉ ላይ ቆማለች፤ አርጅታለች፣ ወተቷ ነጥፏል፣ አንድ ቀንዷ ተሰብሯል። አበራሽ ገመዷን ከችካሉ ፈታች።

«ወዴት ነው?» አሉ እማማ አስካለ።

«ወደ ቤቷ።»

«ያረጀች ላም! አሁን ምን ታደርጊባታለሽ?»

አበራሽ ይህን ጥያቄ ታውቀዋለች። ዞሮ በበሩ መሄድ ሲቻል ቀጥታ ወደ አጥሩ ነዳቻት። ሁለቱም ሴቶች ስንት ዓመት ያጮለቁባትን ቀዳዳ ይዛ አንዱን አጣና ነቀለች። ሌላውንም ነቀለች።

«ክሱስ?» አለች ፈይሩዛ ከኋላ።

«ላሟ ትግባና እናወራለን።»

አሰግድ እየሮጠ መጣ። ሦስተኛውን አጣና እሱ ነቀለው። ላሟ የምታልፍበት በቂ ቦታ ሲሆን፣ ዓይኑን ከመሬት አንሥቶ ሚስቱን አየና ገመዱን ልያዝልሽ ብሎ እጁን ዘረጋ።

አበራሽ በክፍተቱ እንዲያልፍ ፈቀደችለት። ገመዱን ግን አልሰጠችውም።