ገዳዩ ያልተጻፈበት መጽሐፍ

ሰውየው መጽሐፉን ይዟል።

ሙሀመድኑር ከባቲ ገበያ ግመል ተራ ዳር ቆሞ አየው። ሽርጥ ታጥቆ አፋር የመሰለ ሰው ነው። ብብቱ ስር ከስፓኒሽ የተተረጎመው ያ ግራ አጋቢ የወንጀል ልቦለድ አለ። ምልክቱ እሱ ነው። ዘይናን አስረክቦ መሄድ፤ በቃ።

ዘይና ከጎኑ ተሸፋፍናለች። የባሏን የመሣሪያ ንግድ ለስለላ ቢሮው ያጋለጠች ሴት ናት። ባሏ ካገኛት አለቀላት።

«እንሂድ?»

«ቆይ እስቲ እህቴ።»

ደክሞታል። ከሚሴ ላይ መጽሐፍ ሻጭ መስሎ ሲኖር ያንን ልቦለድ ደጋግሞ አንብቦታል። ከፈለጉት ምዕራፍ ይጀመራል፤ የመጨረሻው ገጽ ባዶ ነው፣ ገዳዩን አንባቢው ራሱ ይጻፍበት ተብሎ። ኤዲያ! የተረጎመው ኩባ የተማረው አለቃው ነው፤ የምስጢር ስሙም «ተርጓሚው»። የዛሬውን ተረካቢ የመረጠውም እሱ።

አንድ የአፋር ሽማግሌ ግመል እየነዳ መጣና ለሰውየው እጁን ዘረጋ። ዳጉ ሊባባሉ ነው። አፋር ከአፋር ተገናኝቶ ያየውን የሰማውን ሳይነጋገር አይተላለፍም፣ ሞት ቢያሯሩጠው እንኳ።

ሰውየው ፊቱን አዞረ።

አፋር አይደለም፤ ተርጓሚው ግን ተረካቢው አፋር ነው ብሎት ነበር።

የባሏ ሰው ነው።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ! ለመጪው ሠርጉ ሚዜ ሁነኝ ያለው ተርጓሚው ሸጧቸዋል።

«ዘይና፣ እዚያ ከቆሙት ጨው ነጋዴ ሴቶች ጋር የጭነት አይሱዙው ላይ ውጪ። ሚሌ ስትደርሺ ወዳጄ ሰሊማ ቤት ግቢ። ቢሮው አያውቃትም።»

«አንተስ?»

«እኔ ሰላምታ አለብኝ።»

ሄዶ የሰውየውን እጅ ጨበጠ። አልለቀቀውም።

«አሰላሙ አለይኩም! አካም ጅርታ? ቤተሰብ ሰላም?»

«ሴትዮዋስ?»

«አረ ቀስ! ከብቱስ? ዝናቡስ?»

ሽጉጥ ጎኑን ነካው።

«አትቀልድ።»

አይሱዙው ጥሩንባውን ነፍቶ ወጣ። ሽማግሌውም ዘመዶቹን አስከትሎ ተመለሰ፤ ዳጉ የነፈገው እንግዳ ማን እንደሆነ ሳያውቁ ሊያልፉ አይደለም። ከበቡት። ሽጉጡ ወደ ሽርጡ ተመለሰ። ሙሀመድኑር መጽሐፉን ከሰውየው ብብት መዞ ገበያው ውስጥ ጠፋ።

ኮምቦልቻ ላይ ባዶው ገጽ ላይ የተርጓሚውን እውነተኛ ስም ጻፈና ከተርጓሚው በላይ ላለው የቢሮው ሹም ላከው። ከዚያ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረ። ከሚሴ ያለውን ቤቱን ተርጓሚው ያውቀዋል፤ እዚያ መግባት ሞት ነው።

ከሚሴ ሲደርሱ የተዘጋችው ሱቁ ደጃፍ ላይ ፋሪዳ ቆማለች። ከረመዷን በኋላ ኒካ ሊያስሩ ነበር። መንገድ መንገዱን ታያለች።

ረዳቱ መስኮቱን መታ።

«ከሚሴ ወራጅ አለ?»

ሙሀመድኑር ፊቱን ከመስኮቱ አዞረ።

«የለም» አለ።