በፈረቃ የሚያቃስት ግድግዳ

እማማ ወለተጻድቅ አርብ ማታ ተቅማጥና ትውከት ጀመራቸው፤ ቅዳሜ ሳይረፍድ ሞቱ። ዓይናቸው ጎድጉዶ፣ ጣቶቻቸው ልብስ ሲያጥብ እንደዋለ ሰው ተጨማደው ነበር። ቀብር ሳይደርስ ኮልፌ ፍርዱን ጨረሰ፤ ጎረቤታቸው ብርቅዬ በአይብ ገደለቻቸው ተባለ። ሽንት ቤት የሚያጥብ ተረኛ የሚጠፋበት ግቢ፣ ለሐሜት ሲሆን ተራውን የሚረሳ የለም።

ማክሰኞ ደግሞ የሟቿ ክፍል ግድግዳ ማቃሰት ጀመረ። ዝቅ ያለ፣ የማይቋረጥ፣ ጥርሱን ነክሶ እንደሚታመም ሰው ያለ ድምፅ ነው። ሰው እያማተበ በደጃቸው ያልፋል። የግቢው ባለቤት ጋሽ መሸሻ፣ አጥሩ ማዶ ላቫጆ ከፍቶ መኪና የሚያሳጥበው ሰውዬ፣ ብርቅዬን «ሙት የሚያስጮህ ሰው አላከራይም። እስከ እሑድ ልቀቂ» አላት። ሁለት ልጆች ይዛ የት ትሂድ? መርዘኛ ለተባለች ሴት ማን ቤት ይሰጣል?

ሐሙስ ጠዋት ሲስተር አልፊያ መጣች። ከወረዳው ጤና ጣቢያ ተልካ በሽታ ከየት እንደተነሳ የምታስስ፣ ቁመቷ አጭር ዓይኗ ረጅም ሴት ናት።

«አተት ነው የገደላቸው» አለቻት ብርቅዬን፣ ወደ ሟቿ ክፍል ይዛት ገብታ። «ኮሌራ ማለት ነው፤ ስሙን ፈርተን ነው የምናቆላምጠው። አይቡን መቼ ሰጠሻቸው?»

«አርብ ምሳ ላይ፣ በጎመን አድርጌ። ሳህኑ ማታ ታጥቦ ተመለሰልኝ።»

«አንቺ የት ነው የምታመልኪው?»

«ጴንጤ ነኝ። ምነው?»

«እሳቸውስ?»

«ኦርቶዶክስ...» ብላ ብርቅዬ አፏን በእጇ ያዘች። «ወይኔ፣ ጾም ነበር። ለምን አልነገሩኝም?»

«እንዳታፍሪ ነዋ። እኔ ሙስሊሟ የማውቀውን አንቺ ረሳሽው።»

ሲስተር በሩ ላይ ወደቆመው ማቲ ዞረች። የሟቿ የልጅ ልጅ ነው፤ አብሯቸው ይኖራል፣ በአየር ጤና መስመር ታክሲ ይነዳል።

«አያትህ ማታ አልጋ ይዘው ነበር። ሳህኑን ማን አጠበው?»

ማቲ አቀረቀረ። «እኔ።»

«አይቡንስ?»

«ሙልጭ አድርጌ በላሁት።»

«ሆድህን አመመህ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ይቺ ሴትዮ ስትባረር ምላስህ የት ሄደ?»

«በአርብ አይብ በላሁ ብዬ ለቀስተኛ ፊት ልናገር? ሰው ምን ይለኛል፣ ሲስተር?»

ጢም አብቅሎ ፍርሃቱ ይሄ ነው። ሲስተር ልትመልስለት ስትል ግድግዳው አቃሰተ። ማቲ አማተበ።

«እማማ ናቸው» አለ በሹክሹክታ።

ሲስተር መዳፏን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ግድግዳው ይንቀጠቀጣል።

«ማክሰኞ አቃሰቱ፤ ትናንትስ?»

«ዝም ብለው ዋሉ።»

«ውሃ በየትኞቹ ቀናት ነው የሚመጣው?»

«ማክሰኞና ሐሙስ።»

«ሙት በፈረቃ ሲያቃስት ዛሬ ሰማሁ» አለች። መደርደሪያው ላይ ያለውን ሬድዮ አየችና «ይሄስ?» ስትል ጠየቀች።

«ጆሯቸው ከብዶ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲያስጮሁት ይውሉ ነበር።»

ሬድዮውን ከፍታ ድምፁን እስከ ጥግ ለቀቀችው። ማቃሰቱ ጠፋ። ዘጋችው። ማቃሰቱ ተመለሰ።

ከዚያ ወጥታ ግድግዳውን ተከትላ እስከ ሽንት ቤቱ ሄደች። ዝናብ ከጠፋ ሁለት ወር ሆኖት ሳለ እዚያ ያለው መሬት ረጥቧል። በእንጨት ጫር ጫር አደረገችው፤ የተሰነጠቀ ቱቦ ወጣ። ግቢውን በሙሉ ቧንቧው ጋ ጠራች። ቧንቧው ደረቅ ነው፤ ጀሪካኖቹ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ከፊት የቆመው ቢጫ ጀሪካን የእማማ ነው፤ ከሞቱ ወዲህ ማንም አልነካውም።

«አይቡን ማቲ በልቶ ጤነኛ ነው፤ እማማ ጾመው ሞቱ። የጠጡት ሐሙስ የቀዳችሁላቸውን ውሃ ነው። የሚያቃስተው ደግሞ እማማ አይደሉም። ጋሽ መሸሻ፣ ለላቫጆዎ ብለው ከግድግዳው ኋላ የቀበሩት ውሃ የሚስብ ዲናሞ ነው፤ ድሮ ሬድዮው ይሸፍነው ነበር። ዲናሞው ቱቦውን ሲመጠው በስንጥቁ የሽንት ቤቱን ቆሻሻ ይስባል። ዲናሞው ሲጠፋ ያ ቆሻሻ ወደዚህ ቧንቧ ይመጣል።»

«እኔ ውሃ ሳብኩ እንጂ ሰው አልገደልኩም» አለ መሸሻ።

«እርስዎ ራስዎ የሚጠጡት ምንድን ነው?»

«የታሸገ ውሃ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

መሸሻ ዓይኑን ወደ አጥሩ መለሰ።

«ከሸተተዎት ጀምሮ» አለችው። «ለራስዎ አወቁበት። ይጥፋ አሁን።»

ዲናሞው ጠፋ። ግድግዳው ዝም አለ። ቧንቧው ሁለቴ አስሎ ደፍረስ ያለ ውሃ ተፋ፤ ጠጋ ብለው ያሸተቱት አፍንጫቸውን ያዙ።

«እኛስ ለምን አልሞትንም?» አለች ብርቅዬ።

«ቀድሞ የሚመጣው ቆሻሻ ለመጀመሪያው ጀሪካን ብቻ ነው የሚበቃው። ማቲም ውሎው ውጭ ነው፤ የሚጠጣውም እዚያው። እማማን ማን ነው የሚያስቀድማቸው?»

ግቢው ወደ ብርቅዬ ዞረ።

«እኔ ነኝ» አለች። «ትልቅ ሰው ናቸው ብዬ። አሥር ዓመት ሙሉ።»

ሲስተር አልፊያ ጎንበስ ብላ ቧንቧውን ዘጋችው። ላቫጆው ታሸገ። ብርቅዬን ከቤቷ የሚያስወጣትም ጠፋ።

ማክሰኞ በተጠገነው ቱቦ ንጹሕ ውሃ መጣ፤ ግድግዳውም አላቃሰተም። ቢጫው ጀሪካን ከሰልፉ ፊት እንደቆመ ነው። ብርቅዬ እጀታውን ይዛ ወደ መጨረሻ ወሰደችው፤ ጥቂት ቆማ አየችው። ከዚያ መልሳ ከፊት አስቀመጠችውና ባዶውን ጥላው ገባች።