ነፋስ የጠፋባቸው ሦስት ቀናት

እነሱ ቤት የሄድኩት ነፋስ ልለካ ነው። የምሠራበት ድርጅት በሰው ጣሪያ ላይ አነስተኛ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ይተክላል፤ ዋጋው ለተራ ሰው የሚቀመስ ነው። ከመትከሉ በፊት ግን የቤቱ ነፋስ አንድ ወር ሙሉ ይለካል። የምለካው እኔ ነኝ።

በሩን የከፈቱልኝ የቤቱ እናት ነበሩ። መጀመሪያ የተሸከምኩትን መሰላል፣ ቀጥሎ እኔን አዩ።

«ነፋስ ልትለኪ ነው ልጄ? እኛ ሰፈር እንኳ ከወሬ በቀር የሚነፍስ የለም።»

ከውስጥ ሳቅ ሰማሁ። ልጃቸው ነበር። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሳሎኑን ሁለት የኤሌክትሪክ ስፌት መኪናዎች ሞልተውታል። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ተነሥቶ መሰላሉን ተቀበለኝ። መብራት በጠፋ ቁጥር የተማሪ ዩኒፎርም እየዘገየበት ደንበኞቹ እየሸሹት እንደሆነ ነገረኝ። ሲያወራ ዓይን ዓይኔን ያያል። እኔ ወለሉን አያለሁ።

በነፋስ የሚዞሩ ሦስት ትንንሽ ኩባያዎች ያሉትን መለኪያ ጣሪያው ላይ ባቆምኩት ምሰሶ አስሬ ወረድኩ። ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው እየሄድኩ የተመዘገበውን መገልበጥ ነበረብኝ።

ቅዳሜ አልደርስ አለኝ። ቢሮ ውስጥ ከወንበሬ እነሣለሁ፤ ከተነሣሁ በኋላ ወዴት ልሄድ እንደነበር ይጠፋኛል።

«መሐንዲሷ፣ ሰሞኑን ስንት ነፈሰ?» ይለኛል ልብስ ሰፊው ቅዳሜ ስደርስ።

ቁጥሩን እነግረዋለሁ። አንድ ቀን እኔን እያየ የሸሚዙን እጅጌ ጫፍ ደፍኖ ሰፋው። እናቱ አንሥተው አገላበጡትና፣ «ይሄ ደግሞ እጅ ለሌለው ተማሪ ነው?» አሉ።

የሦስተኛውን ሳምንት መዝገብ ሰኞ ቢሮ ስከፍተው ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ያለው ዜሮ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ዜሮ። ያን ረቡዕ ግን ነፋሱ የጎረቤታችንን የአጥር ቆርቆሮ ገንጥሎ ወስዷል።

አለቃዬ ከኋላዬ ቆመው አዩት። «የሙከራ ጊዜሽ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። አንድ መለኪያ በወጉ ማሰር ካቃተሽ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አሉኝ።

ይህን ሥራ ያገኘሁት ከተመረቅኩ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሄጄ ጣሪያው ላይ ወጣሁ። ከአንዱ ኩባያ ሥር ቁራጭ ሰማያዊ ክር ተቋጥሮ ቀርቷል። ወርጄ መዳፌ ላይ አድርጌ አሳየሁት። ፊቱ ፍም መሰለ።

«ሦስት ቀን ብቻ ነው ያሰርኩት» አለ። «ቁጥር ከጎደለ ወሩ እንደገና ይጀመራል ብለሽኝ ነበር። የቀረን አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው።»

«አንተ ቅዳሜ ስትቆጥር እኔ ከሥራ ልባረር ነው! አለቃዬ ማሰር አትችልም ብለዋል። ምን ልበላቸው? ልብስ ሰፊው ወዶኝ ነው ልበላቸው?»

ቃሉ ካፌ ካመለጠ በኋላ መመለሻ አጣሁለት። መሰላሉን እንኳ ሳልይዝ ወጣሁ።

በማግስቱ መሰላሉን ተሸክሞ ቢሮ ድረስ መጣ። ሠራተኛው ሁሉ ቀና አለ።

«መሣሪያው ጤነኛ ነው፤ እሷም በደንብ ነው ያሰረችው። እንዳይዞር በክር የያዝኩት እኔ ነኝ» አላቸው ለአለቃዬ።

«ለምን?»

መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «ቅዳሜ እንዳያልቅብኝ።»

ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሥራዬ ተረፈ፤ አለቃዬ ግን፣ «ወሩ ከአንድ ይጀመር። የሚሄደው ሌላ ሰው ነው፤ ልኬቱ እስኪያልቅ አንቺ እዚያ ደጅ አትደርሺም» አሉ።

አንድ ሽማግሌ ቴክኒሻን በእኔ ፈንታ እየሄዱ በየሳምንቱ ቁጥሩን ያመጡልኛል። «ደኅና ናቸው?» እላለሁ ኮምፒውተሬን እያየሁ።

«ነፋሱን ነው ሰውየውን?»

ቤት ስሆን ነፋስ በነፈሰ ቁጥር መስኮት እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። እናቴ፣ «አንቺ ልጅ፣ እሾህ ላይ ነው እንዴ የተቀመጥሽው?» ትለኛለች።

ወሩ ሲሞላ ቁጥሩን ደመርኩት። አልበቃም። ከቤታቸው ጀርባ የተሠራው ፎቅ ነፋሱን ከልሎታል። ደግሜ ደመርኩት። ጥቂት ብጨምርበት ይተከልላቸው ነበር፤ ከዚያ ለጥገና እመላለሳለሁ። እሱ ግን የማይዞር ብረት ጣሪያው ላይ ተሸክሞ፣ መብራት ሲጠፋ እጁን አጣጥፎ ሊቀመጥ ነው። «ነፋሱ በቂ አይደለም፤ ገንዘባችሁን ለፀሐይ ኃይል ብታውሉት ይሻላል» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። እዚያ ቤት የሚያደርሰኝን መንገድ በገዛ እጄ ዘጋሁት።

እሑድ ከሰዓት ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። ሄድኩ።

በሩን የከፈተው እሱ ነው።

«አይበቃም አልሽን» አለ።

«አይበቃም።»

ባዶ እጄን አየ። «ታዲያ ዛሬ ምን ልትለኪ መጣሽ?»

ወለሉን ትቼ ዓይኑን አየሁት።

«ምንም። ሰበብ አልቆብኛል። እንዲሁ መጣሁ።»

በሩን እንደያዘ ቀረ።

«ማነው?» አሉ እናቱ ከውስጥ።

«ቤተኛ ናት፣ እማዬ።»

«ቤተኛ ከሆነች ታዲያ በር ላይ ምን ይገትራታል?»