አሥራ ሁለት ሺህ የተለጠፈበት ሳጥን

«ይሄን ሳጥን ለመሥራት ስንት ሰዓት ፈጀብሽ?»

ቆዳ ሰፊው ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገራት በዚህ ጥያቄ ነበር። ስሟን እንኳ አልጠየቃትም። እሷም ሳጥኑን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። ሰዓት እየቆጠረ የሚሠራ ሰው አለ እንዴ?

«እኔ እንጃ...» አለችው።

«እንዴት እኔ እንጃ? ታዲያ ዋጋውን ከየት አመጣሽው?»

«ደስ ካለኝ ቦታ!»

እንዲህ ተዋወቁ። ከመተዋወቅ ይልቅ ተጣሉ ማለቱ ይቀላል።

ቦታው የሥዕል ታሪኮች አፍቃሪዎች በየስድስት ወሩ ለባዛር የሚሰበሰቡበት ትልቅ አዳራሽ ነው። ገሚሱ የካርቶን ክንፍ ለጥፎ፣ ገሚሱ ፊቱን አረንጓዴ ቀብቶ ይመጣል። እሷ በስስ እንጨትና በወረቀት ትንንሽ ሳጥኖች ትሠራለች። ክዳናቸው ሲከፈት የአንድ ጀግና ክፍል ይታያል፤ የጣት ጫፍ የምታክል መብራት፣ ያልተነጠፈ አልጋ፣ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ ካባ። እሱ ደግሞ ጀግና መምሰል ለሚፈልግ ሁሉ የቆዳ ጥሩርና ቀበቶ ይሰፋል። ጠረጴዛቸው ጎን ለጎን ነው።

የእሱ ዋጋ አከራካሪ አልነበረም። ቆዳው፣ ክሩ፣ የሠራበት ሰዓት፣ የጠረጴዛው ኪራይ... ተደምሮ ይለጠፋል። ለእናቱም ልጅ አይቀንስም። እሷ ጋ ግን አንድ ሰው ፊቱን ትንሽ ቅጭም ካደረገ ዋጋው በግማሽ ይወርዳል። «ለታመመች እህቴ ነው» ያላትማ ከነመጠቅለያው በነፃ ይዞ ይሄዳል።

«ውይ! ደግሞ ቀነሰች!» ይላል ቆዳ ሰፊው ራሱን ይዞ። «ስሚ፣ ቅናሽ! አንቺ በቀነስሽ ቁጥር እኮ እኔ ሌባ እመስላለሁ!»

«ምሰላ! ማን ከለከለህ፣ ካልኩሌተር!»

ከዚያ ወዲህ ቅናሽና ካልኩሌተር ተባብለው ቀሩ።

ቤት ስትገባ ደግሞ እናቷ ይጠብቋታል። «ስድስት ዓመት ሰው አገር ተምረሽ መጥተሽ ሳጥን ትለጥፊያለሽ? እስቲ አሁን ይሄ ስንት ያወጣል?»

ከተመለሰች ጀምሮ ሰው ሁሉ የሚጠይቃት ይህንኑ ነው። ስንት? ስንት? መመለሷ ራሱ ስንት እንደሚያወጣ አታውቀውም። ሌሊቱን አስባበት ስትነሣ «እዚያው መቅረት ነበረብኝ» ትላለች፤ ቁርስ ሳትጨርስ «እንኳን መጣሁ» ትላለች።

አንድ ሳጥን ላይ ግን ጥርጣሬ አልነበራትም።

በመጀመሪያው ባዛር፣ እሱ ጠርጎ ወደ እሷ እግር የገፋውን ቁርጥራጭ ቆዳ ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ለምን እንደሆነ ያኔ ራሷም አልገባትም። ሦስተኛው ባዛር ሲደርስ ያ ቁርጥራጭ በአንድ ሳጥን ውስጥ ተሰቅሎ ነበር፤ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነ ቀበቶ ሆኖ። ሳጥኑ በውጭ ሲያዩት ጥቁር ግንብ ይመስላል። ሲከፈት ግን የቆዳ ሰፊ ክፍል ነው። አንድ ሰው ወስፌውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ያጎነብሳል። አጠገቡ ባዶ በርጩማ አለ። በሁለተኛውና በመጨረሻው ቀን ባዛሩ ሲዘጋ ልትሰጠው ቆርጣለች። ዛሬ ካልሰጠችው ሌላ ስድስት ወር!

ያለቻት አንዲት ቦርሳ ስለሞላች ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። የባዛሩ ደንብ ግን ዋጋ ያልተለጠፈበት ዕቃ አያስቀምጥም። እሷም «እብድ ካልሆነ ማን ይገዛዋል?» ብላ አሥራ ሁለት ሺህ ለጠፈችበት።

ቆዳ ሰፊው አየና አጨበጨበ። «ዛሬ ገና ሰው ሆንሽ! ልክፈተው?»

«እንዳትነካው!»

«እሺ፣ ለእኔ ስንት ትይኛለሽ?»

«ላንተ አይሸጥም!»

ሳታስበው ጮኸችበት። የእሱ ፊት ጠቆረ። ጀርባውን ሰጥቷት እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሲሰፋ ቆየ።

እሷም አንጀቷ አልችል አለ። «ጠረጴዛዬን እይልኝ» ብላው ሻይ ልትገዛ ሄደች። ጎረቤት ሲነሣ ጎረቤት ይሸጥለታል፤ የባዛር ሰው ልማዱ ነው። ሰልፉ ግማሽ ሰዓት ፈጀ።

ሁለት ሻይ ይዛ ስትመለስ ቆዳ ሰፊው ጥርሱ አልከደን ብሎታል።

«ተሸጠ!»

«ምኑ?»

«ግንቡ ነዋ! ብርማ ዊግ ያደረጉ ጠና ያሉ ሴትዮ ገዙት። ‹ቀንስልኝ› ብለው ለመኑኝ፤ ንቅንቅ አላልኩም! ‹እትዬ፣ ይቺ ልጅ ዓይኗን አጥፍታ የሠራችው ነው፣ ቤሳ አይቀነስም!› አልኳቸው። በይ ቁጠሪ፣ አሥራ ሁለት ሺህ!»

ሻዩን አስቀመጠችው። 

«ምን አደረግህ...?»

«በሙሉ ዋጋ ሸጥኩልሽ! ምን በደልኩ?»

«ከፍተው አይተውታል?»

«አዎ። ‹ይሄ ሰውዬ ማነው?› አሉኝ። እኔ ጠረጴዛ ሥር መጠቅለያ ስፈልግ ነበር፣ አላየሁትም። ‹የታሪኩ ጀግና ነዋ!› አልኳቸው። ከዚያ እኔን እያዩ ሲስቁ... ምን እንዳሳቃቸው እንጃ።»

«አንተ ደንቆሮ! አንተ ነህ እኮ!»

«ምኑ?»

«ሰውዬው! ውስጥ የተቀመጠው አንተ ነህ! ወስፌህ ጆሮህ ላይ፣ ቀበቶው ከራስህ ቁርጥራጭ... ዛሬ ሲዘጋ ልሰጥህ ነበር!»

ቆዳ ሰፊው እጁን ወደ ጆሮው ላከ። ወስፌው እዚያው ነበረ።

«ታዲያ ‹ላንተ አይሸጥም› ያልሽኝ...»

«ስጦታ ይሸጣል እንዴ?!»

ሴትዮዋን ፍለጋ ሮጠ። ሽርጡን እንደታጠቀ፣ ክንፍና ሰይፍ እየገፋ ከዓይኗ ጠፋ። እሷ ቆማ ጠበቀችው፤ ሁለቱም ሻይ ቀዘቀዘ። ሲመለስ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል።

«ብርማ ዊግ ያደረገ ሃያ ሰው አለ! አንዱን እጁን ይዤ ‹እትዬ!› ብለው... ወንድ ነው!»

መናደዷን ረስታ ሳቀች። ስትስቅ እንባዋ መጣ። እሱም ከጠረጴዛው ኋላ በርጩማውን አነሣና አጠገቧ አምጥቶ ተቀመጠ።

«ስንት ሰዓት ፈጀብሽ?» አላት፤ አሁን ግን ቀስ ብሎ።

«ካየሁህ ጀምሮ» አለችው። «ሰዓቱን አንተ አስላው።»

ካልኩሌተሩ ማስላት አቃተው። እጇን ብቻ ያዘ።

በቀጣዩ ባዛር ሁለቱን ጠረጴዛ አንድ ጨርቅ አልብሰው ተቀመጡ። ከዚያ በፊት እናቷ ጋ ወስዳው ነበር። እናቷ ከእግር እስከ ራሱ አዩትና ገና አፋቸውን ሲከፍቱ፣ «እማዬ! ስንት ያወጣል እንዳትዪ፤ ሰው ነው!» አለቻቸው። እሳቸውም «ምን ወጣኝ፣ ራት በልቷል ወይ ልል ነበር» አሉ።

ሳጥኑ ግን ከልቡ አልወጣም። «ሌላ እሠራልሃለሁ» ብትለው፣ «ያንን ነው የምፈልገው» ብሎ ድርቅ አለ። ሴትዮዋ ጠረጴዛው ላይ በነበረው የጎብኚዎች ደብተር ‹ግንቡን የገዛሁት› ብለው ስልካቸውን ጽፈው ኖሮ፣ ኋላ ሲያገኙት አብረው መልእክት ጻፉ። የሚጽፈው እሱ ነው።

«‹እትዬ፣ ሳጥኑን መልሰው ይሽጡልን። የጠሩትን ዋጋ እንከፍላለን፣ አንከራከርም።›»

«እንዴ! እንዲህ ተብሎ ይጻፋል?» ብላ ስልኩን ልትነጥቀው ተንጠራራች። «መጀመሪያ ስንት ይቀንሳሉ በላቸው እንጂ!»

«ላክሁት» አላት።

መልእክቱ ወዲያው ተነበበ። መልስ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም።