ጎህ ያልቀደደለት ቤት

አውራ ዶሮ ጮኸ። ጨለማ ነው፤ ምንም አይታይም። ድምፁ ግን በደረጃው ወርዶ፣ ከታች ከመኪና ማቆሚያው ተላትሞ ተመልሶ መጣ። ኦሞሎ አቡያ ዓይኑን ሳይገልጥ እጁን ሰዶ ስልኩን ነካ። ዶሮው እንደገና ጮኸ። ስልኩን እንደገና ነካው። በሦስተኛው ነው ትዝ ያለው… አባቱ ትናንት ከሐይቁ ዳር በአውቶቡስ ይዘውት የመጡት ዶሮ ነው። ናይሮቢ ውስጥ፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ በወጥ ቤቱ በረንዳ፣ ቅርጫት ውስጥ።

«ስልክህን ለወጥክ እንዴ?» አለችው ሚስቱ አፖንዲ ከአንሶላው ሥር።

«ይሄኛው ማጥፊያ የለውም» አላት።

ኦሞሎ በአንድ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ ነው። በጊዜ አጠቃቀሙ የተመሰከረለት ሰው ነበር። ቀኑ ስልኩ ላይ በየቀለሙ ተሸንሽኗል፤ ስብሰባው ሰማያዊ፣ መንገዱ ግራጫ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ያለው ልጁ አረንጓዴ፣ አፖንዲ ብርቱካናማ። አዲስ ሠራተኞችን ሲያሠለጥን «ጊዜህን አንተ ካልሸነሸንከው ሌላው ይቀራመትብሃል» ይላቸዋል፤ እነሱም ይጽፋሉ። መንገዱ ሳይጨናነቅ ለመድረስ ሳይነጋ ከቤት ይወጣል፤ ደርሶም የቢሮው በር እስኪከፈት መኪናው ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ያሸልባል። ታዲያ በዚህ ሁሉ ጥበብ ያተረፈው ጊዜ የት ገባ? ፊቱ ላይ አይታይም። ሚስቱ ዘንድም አልደረሰም። እንደ ቀዳዳ እንስራ ቀን ሙሉ ይቀዳል፣ ማታ ባዶውን ይገባል።

በአባቱ መንደርም ቤት አሠርቷል፣ ያውም በስልክ። ተቋራጩ ፎቶ ይልካል፣ እሱ በሁለት ስብሰባ መካከል «ቀጥል» ይላል። ሰማያዊ ጣሪያ ያለው የሚያምር ግንብ ቆመ። ግን እስከ ዛሬ አንድ ነፍስ አላደረበትም። በወገኖቹ በሉዎዎች አገር ግንብ ስለቆመ ብቻ ቤት አይሆንማ! አባት ጎህ ሲቀድ ከፊት መርቶ መሬቱን ይረግጣል። ልጁ ከአባቱ ግቢ የወጣውን አውራ ዶሮ ታቅፎ፣ የልጅ ልጅ መጥረቢያ ይዞ፣ ምራት እሳት ይዛ ይከተላሉ። ዶሮው በአዲሱ መሬት ላይ ሲጮኽ ያኔ ቤት ተወለደ ይባላል። ታላቅ ሳይወጣ ታናሽ አይወጣም፤ ስለዚህ የኦሞሎ ታናሽ ወንድም ኦዊቲ እስካሁን ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር በጉርምስና ጎጆው ውስጥ ተጣቦ ይኖራል። በአቡያ ጎሳ ደግሞ አንድ የጠና ሕግ አለ፤ ለቤት የወጣ ዶሮ መሬቱን ሳይረግጥ ከተበላ፣ አባት ለዚያ ልጅ ሌላ ዶሮ አያወጣም። አበቃ።

ሽማግሌው አቡያ ሕጉን ያውቁ ነበር። ሌላም የሚያውቁት ነገር ነበር። ጉሮሯቸው ላይ የበቀለው ዕጢ ጠንካራ ምግብ ከከለከላቸው ወራት አልፏል። ሐኪሙ «ልጆችዎን ይሰብስቡ» ብሏቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ለማንም አልተነፈሱም። ወንድሞቻቸው አልቀዋል፤ ከፊት ለመምራት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ዶሮውን ይዘው፣ መጥረቢያውን በጆንያ ጠቅልለው አውቶቡስ ላይ የወጡት ለዚህ ነው። ይህ ነገር በስልክ አይባልም። ቆሞም አይባልም። ልጅ ይቀመጣል፣ አባት ይናገራል።

ኦሞሎ ክራባቱን እያሰረ ሳሎን ሲገባ አባቱ ነቅተው ተቀምጠው ነበር።

«ትንሽ ተቀመጥ፣ ልጄ።»

«ባባ፣ መንገዱ ይዘጋብኛል። ሐሙስ ማታን ለእርስዎ ብቻ ይዣለሁ፤ ማንም አይነካብኝም።»

«ሐሙስ?»

«አዎ። ይሄ ዶሮ ግን ጎረቤቱን ሁሉ አስነሳብኝ። ምን ይሻለዋል?»

«ዶሮው ያንተ ነው። ስትቀመጥ እነግርሃለሁ።»

«የኔ ከሆነማ ገላገሉኝ» ብሎ ሳቀና ወጣ። ወይ ያቺ ሳቅ…

ሐሙስ እስኪደርስ ሽማግሌው ከሕንፃው ዘበኛ ጋር ጸሐይ እየሞቁ ዋሉ።

«ምዜ» አላቸው ዘበኛው በከተማው ልማድ ሽማግሌ ሲከበር በሚጠራበት ቃል፣ «ልጅዎን ለማግኘት እንደ ሚኒስትር ቀጠሮ አስያዙ አሉ?»

«ከሚኒስትር ይሻላል፤ የሱ ይደርሳል» አሉት። «ሐሙስ ዛሬ አይደል?»

እሳቸው ይህን ሲሉ ኦሞሎ ከቢሮው ለቤት ሠራተኛዋ ለናፉላ ደወለላት። «ያንን ዶሮ እረጂውና ለማታ ሥሪው።»

«ምዜን ልጠይቃቸው?»

«የኔ ነው ብለውኛል እኮ። በማይረባ አታድክሚያቸው።»

ስልኩን ሲዘጋ ደስ አለው። በአንድ ቢላዋ የጎረቤቱን ስሞታም፣ የአባቱን ግብዣም ጨረሰ። ምስኪን! ልቡ እኮ ክፉ አልነበረም። አባቱን የሚያከብር መስሎት ነበር።

ማታ በጊዜ ገባ። ስልኩን አጥፍቶ ፍሪጁ ላይ አስቀመጠው። አፖንዲ አየችና «ምነው፣ ማን ሞተ?» አለችው። ሳቁ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሁሉም አንድ ማዕድ ላይ ተቀመጡ። ናፉላ የበቆሎ ገንፎውን፣ ኡጋሊውን፣ ከነወጡ አቀረበች። ሽማግሌው እጃቸውን ታጥበው ሲያበቁ ዓይናቸው ወደ በረንዳው ሄደ። ቅርጫቱ ተደፍቷል። አጠገቡ አንዲት ቀይ ላባ ነፋስ ይገፋታል።

«የአሌጎ ልጅ» አሏት ምራታቸውን በትውልድ አገሯ ጠርተው፣ ቀስ ብለው፣ «ይሄ ዶሮ ከየት ነው?»

«የእርስዎ ነዋ፣ ባባ! የአገር ቤት ዶሮ እኮ ሌላ ነው።»

ማንም ሳያያቸው ሳሎኑ፣ ሰማያዊው ጣሪያ፣ ኦዊቲ ከነልጆቹ፣ ሁሉም በዓይናቸው ፊት አንድ ጊዜ ጨለመ። ኦሞሎ ለአባወራ የሚሰጠውን የዶሮውን ጨጓራ መርጦ በክብር ሰሃናቸው ላይ አኖረላቸው። ምን ያድርጉ? ይጩኹ? ልጁ በስንት ድካም ያገኘውን አንድ ምሽት በእንባ ያበላሹበት? አነሱት። ጎረሱት። አልወርድ አለ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ጠነከረ እንዴ፣ ባባ?»

«የለም… ለስልሷል።»

ኦሞሎ ወንበሩን አስጠጋ። «ዛሬ ስልክ የለም፣ ጥድፊያ የለም። በሉ፣ የመጡበትን ይንገሩኝ።»

ሽማግሌው ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት። ከዓይኑ ሥር የጠቆረውን፣ ገና በጎልማሳነቱ የሸበተውን አዩ።

«ላይህ ነው የመጣሁት።»

«ይኸው ብቻ?»

«አየሁህ። ከስተሃል፣ ልጄ።»

ኦሞሎ ቀለለው። «አየሽ?» አላት አፖንዲን፣ «ባባ እንደኔ ናቸው፤ ነገር አያንዛዙም።» ለአባቱ ከያዘው ጊዜ ገና ብዙ ተርፎ ነበር። ተነሣና ስልኩን ከፈተ።

እንግዲህ ዕድል የሚባለው ይህ ይሆን? ሰው በሰዓቱ ይደርሳል፣ ሁሉን አመቻችቶ ይቀመጣል፣ ጆሮውን ይሰጣል… የሚሰማው ነገር ግን ቀድሞ በድስት ውስጥ በስሏል። አባት አንድ ጎህ ሊለምን መጣ። ልጅ አንድ ምሽት ሰጠ። በሁለቱ መካከል የወደቀውን ማን ያነሣዋል?

በማግስቱ ዶሮ አልጮኸም። ስልኩ ነው የጮኸው። ኦሞሎ ክራባቱን እያሰረ ሳሎን ሲገባ ብርድ ልብሱ ታጥፏል። አባቱ በጆንያ የተጠቀለለውን መጥረቢያ ብብታቸው ሥር ይዘው ቆመዋል።

«ባባ፣ በዚህ ማለዳ ወዴት? ለቅዳሜ ትኬት ልቆርጥልዎ ነበር እኮ።»

ጠጋ ብለው የተጣመመውን ክራባት አቃኑለት፤ ትምህርት ቤት ሲሄድ የሸሚዙን ቁልፍ እንደሚቆልፉለት፣ ቀስ ብለው። እጃቸው ደረቱ ላይ ትንሽ ቆየ።

«ምን ሆኑ፣ ባባ? አሁን ጊዜ አለኝ። ይቀመጡ።»

ሽማግሌው በሩን ከፈቱ። ሊፍቱን አልጠሩም። ግድግዳውን ተደግፈው፣ መጥረቢያውን አቅፈው፣ በደረጃው ወረዱ።