የተሰረቀው እሹሩሩ

በአዝማራን መንግሥት፣ ገብስ በሚታጨድበት ወር፣ ሰማዩ አንዲት ደመና ሳይኖርበት በገልበት መንደር ላይ ግዙፍ ጥላ አለፈ። ከብቶቹ ግጦሹን ትተው አንገታቸውን ደፉ። ሽማግሌዎቹም «ጕምራ ነው! አፋችሁን ዝጉ!» ብለው ጮኹ። ጕምራ የነብር ገላና የአሞራ ክንፍ ያለው፣ በሠርከን ተራራ ዋሻ ውስጥ የሚኖር አውሬ ነው። ከብት አይበላም፣ ሰው አይነክስም። የሚሰርቀው እንቅልፍ ነው።

በዚህም ምክንያት በአዝማራን እያንዳንዱ ቤት የራሱ እሹሩሩ አለው። እናት ለሴት ልጇ ታወርሰዋለች፤ ከቤቱ ደፍ ውጭ ግን ፈጽሞ አይዜምም። የቤቱ ሰው ሁሉ እንቅልፍ ያለው በዚያ ዜማ ውስጥ ነውና ጕምራ አንዴ ከሰማው ይዞት ይሄዳል። ሜዳ ላይ ሕፃን ቢያለቅስ ይታዘላል፣ ይወዘወዛል፣ ጡት ይሰጠዋል፤ አይዜምለትም። ይህን ሕግ ያወጡት ሰዎች ሕፃን አዝለው አጨዳ የዋሉ አይመስለኝም።

በዚያ ቀን ለሚት የምትባል መበለት ጨቅላዋን ዋቤን አዝላ ታጭድ ነበር። አባቱ ሳያየው የሞተበት ልጅ ነው። ትኩሳት ይዞት ሲያቃስት ብትወዘውዘው፣ ብታጠባው አልሆነም። አንጀቷ አልችል አለ። ጎንበስ ብላ በለሆሳስ አዜመችለት።

«እሹሩሩ የኔ እንግዳ፣
ፀሐይ ገባች ከኛ ጓዳ።»

ዋቤ ጸጥ አለ። አልፎ የነበረው ጥላ ግን ከተራራው ዞሮ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ በለሚት ቤት እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። እናት የተጠረገውን ወለል ደግማ ትጠርጋለች፣ ትቀመጣለች፣ ትነሣለች። የመጀመሪያ ልጇ ሐብሊት ኮርቻ ሰፊ ናት፤ ወስፌውን ቆዳው ላይ ሳይሆን ጣቷ ላይ ትሰካዋለች። ዋቤ ማልቀሱን እንኳ ተወ። ዐይኑን እንዳፈጠጠ ሰውነቱ ዕለት ዕለት ይመነምን ጀመር። የመንደሩ መድኃኒት አዋቂ መጥታ አየችውና ቁርጡን ነገረቻቸው። «ሕፃን የሚያድገው ተኝቶ ነው። እንቅልፉ ካልተመለሰ ይህ አጨዳ ሳያልቅ ትቀብሩታላችሁ።»

ሐብሊት ሰርግ ቤት እንኳ ከኋላ የምትቆም፣ ሰው ሲያያት የምትሽኮረመም ልጅ ነበረች። በማግስቱ ግን ሽማግሌዎቹ በተሰበሰቡበት አደባባይ መካከል ገብታ ቆመች።

«በአባቴ አፈር፣ በእናቴም ጡት እምላለሁ! የቤታችንን እንቅልፍ ከጕምራ እጅ ሳልነጥቅ የዚህን መንደር ውሃ አልጠጣም! ወንድሜ ከሞተ እኔም አልመለስም!»

ተናግራ ስትጨርስ በገዛ ድምፅዋ ደንግጣ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ወደ ሠርከን ከወጡት ጀግኖች መካከል የተመለሰ አልነበረምና ሁሉም መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። በመጨረሻ ጥግ ላይ የተቀመጠው አያ ጉልማ ጎራዴውን ተመርኩዞ ተነሣ። ሰዉ ሳቀ። አያ ጉልማ በንጉሡ በር ዘብ ቆሞ በማንቀላፋቱ ጋሻውን ተገፍፎ የተባረረ አሮጌ ወታደር ነው።

«ሳቁ!» አላቸው። «እንቅልፍ ስሜን አጥፍቶታል፣ ቤቴን አፍርሶታል። የእንቅልፍን ነገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ ካለ ይምጣና ከልጅቱ ጋር ይሂድ!»

የመጣ የለም።

ለሚት ልጇን በር ድረስ ሸኘቻት፤ ቀና ብላ ልታያት ግን አልደፈረችም። «ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ። እኔ ልሂድ፣ አንቺ ቅሪ።»

«ጡትሽን ማን ይተካዋል እማዬ? አንቺ ዋቤን ያዥልኝ» አለችና ዘወር ሳትል ሄደች።

መንገዱ ሰላም አልነበረውም። ሐብሊት መቀመጥ አትችልም። እግሯ ሲቆም ልቧ ይሮጣል፤ ዋቤ አሁን ምን ሆኖ ይሆን እያለች ትብሰለሰላለች። አያ ጉልማ ግን ድንጋይ ላይም፣ እሾህ ላይም ጋደም ባለበት ያንኮራፋል። እሷ ዙሪያውን ትዞረዋለች፣ የጫማውን ጠፍር ፈትታ መልሳ ትሰፋለች፣ መልሳ ትዞረዋለች።

«አያ ጉልማ፣ ተነሥ!»

«ኧረ አሁን እኮ ነው ጋደም ያልኩት!»

«ፀሐይዋ ዞረች እኮ! ተነሥ በናትህ!»

ቀናችበት። ሰው ሲከብር፣ ሰው ሲያገባ ቀንታ የማታውቅ ልጅ በአንድ ሽማግሌ ማንኮራፋት ቅናት አንገበገባት።

የሐመዳን በረሃ ሲያቋርጡ የዐመድ ጅቦች ከበቧቸው። እነዚህ ፍጥረቶች የሚራመደውን ሰው ይከተሉታል እንጂ አይነኩትም። የቆመውን ግን ይዘነጥሉታል። አያ ጉልማ ጎራዴውን መዞ አንዱን ጣለ፣ ሌላውን አባረረ፤ ሆኖም ፀሐዩና ዕድሜው በረቱበትና እየሄደ ዐይኑ ይከደን ጀመር። ሐብሊት ከትከሻዋ የኮርቻ ጠፍር አውርዳ ወገቡን ከወገቧ ጋር አሰረችና እየጎተተችው ሄደች። እሱ እየተደናቀፈ ይሰድባታል፣ እሷ እያለቀሰች ትጎትተዋለች። በረሃውን እንዲህ ሆነው ወጡ።

ዋሻው አፍ ላይ ሲደርሱ አያ ጉልማ ደረቱን ነፋ። «በል እንግዲህ ጕምራ! ውጣና የአዝማራንን ወታደር…» ብሎ ሳይጨርስ ጎራዴውን እንደያዘ ወደቀና አንኮራፋ። ከውስጥ የሚወጣው እስትንፋስ እንቅልፍ ያለውን ሁሉ ይጥላል። ሐብሊት የሚጥላት እንቅልፍ ስላልነበራት ምንም አልነካትም። መሬት ላይ የተዘረሩትን፣ ጢማቸው እስከ ጉልበታቸው ያደገ ጀግኖች እየተራመደች ገባች።

የዋሻው ጣራ ላይ የተሰረቁት እንቅልፎች እንደ ማር እንጀራ ተንጠልጥለዋል። ከእያንዳንዱም የአንዲት እናት ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል የለሚትን ለየችው። ከሥሩ ጕምራ ተኝቷል፣ ይገላበጣል፣ ይነሣል፣ ደግሞ ይተኛል። ዐይኖቹ ቀልተዋል።

«ውሰጂው» አላት። «ማንንም ከልክዬ አላውቅም። ነገር ግን የቤትሽን እንቅልፍ ስትነኪ የራስሽም ድርሻ ይመለስልሻል። ያን ጊዜ እንደ ጀግኖቹ እዚሁ ትወድቂያለሽ።»

እጇን ዘረጋች፤ ነካችው። እውነቱን ነበር። ሦስት ለስላሳ ክሮች እጇ ላይ ተጠመጠሙ፤ የእናቷ፣ የዋቤ፣ የእሷ። የእሷው ወደ ደሟ መግባት ሲጀምር እንዴት ያለ ጣፋጭ ነገር ነበር! እግሯ ታጠፈ። ትንሽ ብቻ ልተኛ አለች በልቧ። ከዚያ የፈጠጠው የዋቤ ዐይን ታያትና ከንፈሯን እስኪደማ ነከሰች።

«አንተስ ይህን ሁሉ ሰብስበህ ለምን አትተኛም?» ብላ ጠየቀችው።

ጕምራ ወደ ጣራው አንጋጠጠ። «ፈጣሪ ለእኔ እንቅልፍ አልሰጠኝም። የሰረቅሁት ደግሞ አልወስድህ አለኝ። በሺህ እናት ዜማ መካከል ተኝቼ እነሆ ዘመኔን ሁሉ ነቅቼ ኖርሁ።»

ሐብሊት ክፉኛ አዘነችለት። የእሷን ክር ከሁለቱ ለየችው። አሁኑኑ ካላደረገችው እንደማታደርገው ታውቃለች።

«ይህን አልሰረቅኸውም» አለችው። «የኔ ነው፣ ወድጄ ሰጠሁህ። ተኛ።»

ክሩን ግንባሩ ላይ አኖረችና ተንበርክካ እሹሩሩውን አዜመችለት። ቀያይ ዐይኖቹ ቀስ ብለው ተከደኑ። ክንፎቹ ረገቡ። በዚያው ቅጽበት በእጇ የቀሩት ሁለቱ ክሮችና ጣራው ላይ የነበረው ሁሉ ተላቅቆ እንደ ንብ መንጋ እየተመመ ወጣ፤ ወደየቤቱም በረረ። ጀግኖቹ ዐይናቸውን እያሹ ተነሡ። አያ ጉልማ በር ላይ ዘሎ ቆመና «…ፊት ለፊት ግጠም!» ብሎ ንግግሩን ጨረሰ።

ገልበት ሲደርሱ ቀትር ነበር። ሐብሊት ሮጣ ገባች። ዋቤ በእናቱ ደረት ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ጉንጩ መቅላት ጀምሯል። ለሚትም ግድግዳ ተደግፋ፣ መጥረጊያዋን እንደያዘች እንቅልፍ ጥሏታል። ሐብሊት ደፉ ላይ ተቀምጣ ስታያቸው ዋለች። ደስታዋ ልክ አልነበረውም፤ እግሯ ግን እየተንቀጠቀጠ አርፎ አልቀመጥ አላት።

እናት ስትነቃ ልጇን አቅፋ አለቀሰች፣ ሳመቻት፣ ደግሞ ራቅ አድርጋ አየቻት። «አንቺስ? ተኛሽ?»

«ቀድሜሽ ነቃሁ እማዬ።»

ለሚት የልጇን ዐይን አየች። የወለደች ሴት ናትና አልተታለለችም። «ለማን ሰጠሽው?» ስትል ጠየቀቻት።

ሐብሊት ሁሉንም ነገረቻት። መልሳ ከወሰደችው ጕምራ እንደሚነቃም ነገረቻት።

«እንግዲያው እኔም አልተኛም» አለች እናት። «ብቻሽን አትነቂም። እስክሞት አጠገብሽ ነቅቼ እቀመጣለሁ።» እንዳለችውም ጎኗ ተቀመጠች፣ ዐይኗን አፈጠጠች፣ ፊቷን በውሃ አራሰች፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለማይረባው ሁሉ አወራች። በመጨረሻ ራሷ ወደ ልጇ ትከሻ አዘመመ። ቀና አለች። ደግሞ አዘመመ።

ሐብሊት የእናቷን ራስ ጭኗ ላይ አኖረችና አዜመችላት።